ታፔላው «ሰርቪስ» ብቻ የሚል የኮምቦልቻ ጋራዥ

ስሙን ንገሪን ለምትሉኝ፣ ጋራዡ ስም የለውም። ከደሴ ወርዳችሁ ኮምቦልቻ ከገባችሁ በኋላ ከዋናው አስፋልት ወደ ግራ የምትታጠፍ የኮብልስቶን መንገድ አለች። እሷን ይዛችሁ ጥቂት ስትሄዱ ሰማያዊ የቆርቆሮ በር ታገኛላችሁ። በሩ ላይ በነጭ ቀለም፣ በእጅ፣ አንድ ቃል ተጽፏል፦ ሰርቪስ። ስልክ ቁጥር የለም፣ የመኪና ሥዕል የለም፣ «ጥራት መለያችን ነው» የሚል ነገር የለም። ባለቤቱን ሁላችንም ጋሼ ነው የምንላቸው። ለምን ስም እንዳላወጡለት ስጠይቃቸው «ቲቸር፣ የምንሠራው እሱን ነው፤ ሌላ ምን ልጻፍበት?» አሉኝ።

የእንግሊዝኛ መምህር ነኝ። ቤቴ ደሴ፣ ሥራዬ ኮምቦልቻ ነው፤ ጠዋት ጠዋት የሐረጎን ቁልቁለት እወርዳለሁ፣ ማታ ማታ እወጣለሁ። ከወንድሜ ጋር በዕቁብ የገዛናት ኮሮላ አለችን፤ ማንዋል ናት፣ ዕድሜዋም ገፍቷል፣ ሁልጊዜም ሦስት አራት ባልደረቦቼን ትይዛለች። መንገዱን የምታውቁት ታውቁታላችሁ፦ 25 ኪሎ ሜትር በማይሞላ ርቀት ከደሴ ብርድ ወደ ኮምቦልቻ ሙቀት 600 ሜትር ያህል ቁልቁል ነው። ጭጋግ በወረደ ቀን ከፊታችሁ ያለው አይሱዙ ከኋላ መብራቱ በቀር አይታይም። እዚያ ላይ ፍሬን ማለት ነፍስ ነው።

ባለፈው ሰኔ፣ የፈተና ሰሞን፣ ሐረጎን እየወረድን ሳለ የተቃጠለ ነገር ሸተተን። መታጠፊያው ላይ ፍሬን ብረግጥ ፔዳሉ እንደ ስፖንጅ ለስልሶ ወደ ታች ገባ። ደግሜ ረገጥኩ፣ ትንሽ ያዘ። ወደ ሁለተኛ ማርሽ መለስኩ፣ የእጅ ፍሬኑን ቀስ እያልኩ ሳብኩ፤ ከኋላ አንዷ «በስመ አብ» ሌላዋ «ያ ረቢ» ሲሉ እየሰማሁ ጠርዝ ይዤ ቆምኩ። እጄ ከመሪው ላይ አልላቀቅ ብሎኝ ነበር። ከዚያ ሁለት ወር በፊት አንድ ሌላ ጋራዥ «ሙሉ ሰርቪስ» ብሎ አስከፍሎኛል፤ በሰጠኝ ወረቀት ላይም የፍሬን ዘይት ተቀይሯል ይላል። ግማሽ ሰዓት ቆመን ፍሬኑ ከቀዘቀዘ በኋላ በአንደኛና በሁለተኛ ማርሽ እየተጎተትን ወረድን። ወደ ሰማያዊው በር የመራኝ አብሮን የነበረው የሒሳብ መምህር ነው።

ጋሼ መጀመሪያ መኪናዋን አልነኳትም። ጠየቁኝ። የት ላይ ጀመረሽ? ስንት ሰው ይዘሽ ነበር? ሽታው የጎማ ነው የጨርቅ? ፔዳሉ በሁለተኛው ሲረገጥ ከፍ አለ? ጋራዥ ስገባ ወንድ አብሮኝ ካለ ስለ መኪናዬ ለእሱ የሚያወሩ መካኒኮች ለምጃለሁ። እሳቸው ባልደረባዬን «አንተ እዚያ ጥላ ሥር አረፍ በል» ብለው የነዳሁትን እኔን ነው ያናገሩት።

ከዚያ ኮፋኖውን ከፈቱ፣ የፍሬን ዘይት ማጠራቀሚያዋን ክዳን አነሡ፣ በካቻቢቴ ጫፍ አንድ ጠብታ አውጥተው ነጭ የሲኒ ማስቀመጫ ላይ አኖሯት። ከአዲስ ጠርሙስ ደግሞ ሌላ ጠብታ ከጎኗ። አዲሱ ብርዝ ይመስላል፣ ሲኒ ማስቀመጫው በውስጡ ይታያል። የእኔው እንደ አቦል ጠቁሯል። «እዪው ልጄ፣ ይሄ ሁለት ወር አይደለም፣ ሁለት ዓመትም አይበቃውም» አሉኝ። ቀጥለውም አስረዱኝ፣ እኔም እንዲህ ያለ ትምህርት በነጻ አግኝቼ አላውቅም፦ የፍሬን ዘይት ከአየር ውስጥ እርጥበት ይስባል። ውሃ በገባበት ቁጥር የሚፈላበት ሙቀት እየወረደ ይሄዳል። ረጅም ቁልቁለት ላይ እግር ከፍሬን ሳይነሣ ሲቀር የዲስኩ ግለት ዘይቱ ድረስ ይደርስና ያፈላዋል፤ እንፋሎት ይፈጠራል። ዘይት ሲጫኑት አይጨመቅም፣ ስለዚህ የእግርን ግፊት ጎማው ድረስ ያደርሳል። እንፋሎት ግን ይጨመቃል። የረገጥሽው ሁሉ እንፋሎቱን በመጭመቅ ያልቃል፣ ፔዳሉም ይሰምጣል። ሲቀዘቅዝ እንፋሎቱ ተመልሶ ፈሳሽ ስለሚሆን ፍሬኑ የዳነ ይመስላል። አልዳነም።

ዘይቱን ቀየሩ፣ አንዱ ልጅ ፔዳሉን እየረገጠ ሌላው በአራቱም ጎማ በኩል ከፍሬኑ መስመር አየሩን አስወጣ። ያንን የቀድሞውን ጋራዥ በተመለከተ አንድ ክፉ ቃል አልወጣቸውም። «የሰው ሥራ ላይ አልፈርድም፣ ይሄን ግን አንቺው በዓይንሽ አይተሽዋል» ብቻ ነው ያሉት። የፍሬን ፓዱንስ አትቀይሩልኝም ብላቸው ጎማውን አስፈትተው አሳዩኝ፤ ገና ነው፣ ገንዘብሽን ያዢ አሉኝ። ከዚያን ቀን ወዲህ ሌላ ጋራዥ አልረገጥኩም።

አሁን በየ5,000 ኪሎ ሜትሩ እመጣለሁ። የተቀየረው ዕቃ በሙሉ፣ ያረጀው ፊልትሮ፣ ያለቀችው ካንዴላ፣ የተበጣጠሰው ቺንጋ፣ ጋዜጣ ላይ ተደርድሮ ይጠብቃችኋል። ይህ የቤቱ ሕግ ነው። ባለፈው ጊዜ የአየር ፊልትሮውን በኮምፕረሰር ነፍተው መልሰው ገጠሙት፤ አንድ ዙር ይሠራል አሉ። አዲስ ቢሸጡልኝ ኖሮ አላውቅም ነበር፤ እሳቸው ግን ያውቃሉ።

ጋራዥ ውስጥ ቆሜ ቃላት መልቀም ልማዴ ነው። ካቻቢቴ፣ ፒንሳ፣ ክሪክ፣ ዳዶ፣ ቡሎን፣ ካንዴላ፣ ፊልትሮ፣ ማርሚታ፣ ኮፋኖ፣ ፍሬን ራሱም፣ ሁሉም ጣልያንኛ ናቸው። በሩ ላይ የተጻፈችው ግን በእንግሊዝኛ በኩል የመጣች ናት፤ እሷም ከእኔ ጋር ብዙ ዘመን ኖራለች። የእኛ ሰው ይህችን ቃል ስንት ቦታ እንዳኖራት አስቡት። የፋብሪካ ሠራተኛ «ሰርቪስ አመለጠኝ» ካለ አውቶቡሱን ነው። መኪና «ሰርቪስ ገብታለች» ከተባለ ዘይት ልትቀይር ነው። ተማሪዎቼ ቮሊቦል ሜዳ ላይ «ሰርቪሱ የኛ ነው» ብለው ይጨቃጨቃሉ። ሆቴል ሂሳብ ስትከፍሉ ሰርቪስ ቻርጅ ተደምሮ ታገኙታላችሁ። የመንግሥት ሥራው ሲቪል ሰርቪስ ነው። ከሁሉም በላይ ደግሞ «ሰርቪስ ይከራያል» የሚለው ማስታወቂያ አለ፤ ከዋናው ቤት ጀርባ፣ ከግንቡ ጥግ የተሠሩት ክፍሎች።

አንድ የ10ኛ ክፍል ተማሪዬ ስለ ቤቱ እንዲጽፍ ባዘው «አይ ሊቭ ኢን ሰርቪስ ዊዝ ማይ ማዘር» ብሎ ጀመረ። ከእናቴ ጋር ሰርቪስ ውስጥ ነው የምኖረው ማለቱ ነው። ቀይ እስክሪብቶዬን አነሣሁና «ሰርቪስ» የምትለውን አሰመርኩባት፤ በእንግሊዝኛ ሰርቪስ ቤት አይደለምና። ማታ ግን ዕረፍት ነሣኝ። መዝገበ ቃላቴን ገለጥኩ። በቀድሞው እንግሊዝ «ኢን ሰርቪስ» መሆን ማለት በሰው ቤት ተቀጥሮ እዚያው አድሮ መሥራት ነበር። ድሃ ቤተሰብ ሴት ልጁን በ13 በ14 ዓመቷ «ወደ ሰርቪስ» ይልካታል። በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ እንግሊዝና ዌልስ ውስጥ እንዲህ የሚኖሩ ሴቶች ከ1 ሚሊዮን በላይ ነበሩ። የልጁ እናት የቤት ሠራተኛ ናት። ሳያውቀው፣ የአንድ ሚሊዮን ሴቶችን ኑሮ በትክክለኛው እንግሊዝኛ ጽፎታል። በማግስቱ ደብተሩን መልሼ ተቀበልኩት። ቀይ ቀለም አይጠፋም፤ ከጎኑ ራይት አደረግሁበትና ለምን ራይት እንዳገኘ ጠርቼ ነገርኩት።

እኔም ሰርቪስ ውስጥ ነው ያደግሁት። ደሴ፣ የአንድ ነጋዴ ግቢ ውስጥ፣ በሩ ከትልቁ ቤት የማድቤት በር ጋር ፊት ለፊት የሚተያይ ክፍል። እማዬ ማታ የምትተኛው በሩን ገርበብ አድርጋ ነበር፤ ስትጠራ እንድትሰማ። ቡና አፍልታ ስታበቃ የራሷን ሲኒ ቆማ ነው የምትጠጣው፣ ትከሻዋን መቃኑ ላይ አስደግፋ። ቁጭ ብላ ቡና ስትጠጣ ያየኋት የራሴን ቤት ከተከራየሁ በኋላ ነው።

ለዚህ ነው የቃሏ ምንጭ እንቅልፍ የሚነሣኝ። ላቲን ውስጥ «ሰርቩስ» ባሪያ ነው፣ «ሰርቪቲዩም» ባርነት። ከላቲን ወደ ፈረንሳይኛ ወረደች። እ.ኤ.አ. በ1066 ኖርማኖች እንግሊዝን ሲይዙ የቤተ መንግሥቱና የፍርድ ቤቱ ቋንቋ ፈረንሳይኛ ሆነ፣ ቃሏም በዚያ በር ገባች። እንግሊዝኛ ውስጥ ከያዘቻቸው ቀደምት ፍቺዎች አንዱ ደግሞ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ የሚደረገው ጸሎትና ሥርዓት ነው፤ ዛሬም እንግሊዞች እሑድ የሚሄዱት ወደ ሰርቪስ ነው። የባሪያው ሥራ የካህኑ ሥራ መጠሪያ ሆነ ማለት ነው። ይህ ለእኛ እንግዳ ሊሆን አይገባም። በግእዝ «ተቀንየ» ማለት ተገዛ፣ አገለገለ ማለት ነው፤ ቅኔ የሚለው ቃል የወጣው ከዚያ ነው። የዋድላ ቅኔ ቤት ዘመኑን የፈጀ ተማሪ የሚማረው በስሙ «መገዛት» የሚባል ነገር ነው። በወሎ ቤት ደግሞ አንዱ ወንድም ገብሬ፣ ሌላው አብዱ ይባላል፤ «ገብር» በግእዝ፣ «አብድ» በዐረብኛ፣ ሁለቱም ባሪያ፣ አገልጋይ ማለት ነው። የፈጣሪ ሲሆን ስም ይሆናል። የሰው ሲሆን ግን ገርበብ ያለ በር ነው።

የዚህች ቃል ዘመዶች ብዙ ናቸው። የፖሊሱ ሳጅን ከእሷው ሥር ነው፤ መነሻው «የሚያገለግል» ማለት ነበር። ባንክ ሄዳችሁ «ሰርቨር ቆሟል» የምትባሉበት ሰርቨርም አገልጋይ ነው። ሆቴል ከምግብ በኋላ የሚመጣው ዲዘርት ሳይቀር «ማዕዱን ማንሣት» ከሚል የፈረንሳይኛ ግሥ የወጣ ነው፣ ገበታው ከተነሣ በኋላ የሚቀርብ ስለሆነ። ሪዘርቭ ግን በቀጥታ አትዛመዳትም፤ ነዳጅ ሲያልቅ የምንጠራት ሪዘርቭ ከሌላ የላቲን ግሥ፣ «ጠበቀ፣ አቆየ» ከሚለው ናት። ተማሪዎቼ ሁልጊዜ ያቀላቅሏቸዋል። ሌላው የእንግሊዝኛ አጠቃቀም ሰፊ ነው፦ ወታደርነት ሰርቪስ ነው፣ የሻይ ጀበናው ከነሲኒዎቹ አንድ ላይ ሰርቪስ ይባላል፣ የቀብር ጸሎቱም ሰርቪስ ነው። መኪናን ሰርቪስ ማድረግ የመጣው መኪና ራሱ ከመጣ በኋላ ነው፤ ሰው ለማሽን አገልጋይ የሆነበት ፍቺ ይኸውላችሁ።

ጥር ላይ እማዬን ይዣት ወደ ጋራዡ ሄድኩ። ሐኪም ቤት ቀጠሮ ነበራት፣ በዚያው ዘይት ላስቀይር ብዬ ነው። ጋሼ እንዳዩአት የራሳቸውን በርጩማ አንሥተው፣ በካኪያቸው ጥርግ አድርገው፣ ጥላ ውስጥ አኖሩላት። ቡና እየተፈላ ነበር። እዚያ ቤት በየቀኑ ከቀትር በፊት ይፈላል፣ የደረሰ ባለጉዳይ ሁሉ ይጠጣል፤ ልጆቹም በተራ ይካድማሉ፣ ያገለግላሉ። የዚያን ቀን ተረኛው አሥራ ስድስት ዓመት የማይሞላው ረዳት ነበር። እጁን በኦሞ አሽቶ ታጥቦ፣ ረከቦቱን ይዞ ወደ እኛ መጣ። እማዬ ከበርጩማዋ ተነሣች። ረከቦቱን ልትቀበለው እጆቿን ዘረጋች። ማሰብ አላስፈለጋትም፤ ሃምሳ ዓመት ረከቦት ባየች ቁጥር የተነሣች ሴት ናት።

«እናቴ፣ ቁጭ ይበሉ» አሏት ጋሼ። «ዛሬ ኻዲሙ እሱ ነው።»

ልጁ ጎንበስ ብሎ መጀመሪያ ለእሷ ሰጣት። እማዬ ሲኒውን ይዛ ትንሽ ቆየች፣ ከዚያ ተቀመጠች። አቦሉን ጠጣች፣ ቶናውን ጠጣች፣ በረካውንም ሳይቀር ጠበቀች። ጋሼ አጠገቧ መሬት ላይ የጎማ ቸርኬ ገልብጠው ተቀምጠው ስለ ድሮዋ ደሴ፣ ስለ ሙጋድና ስለ ፒያሳ፣ ስለ ንጉሥ ሚካኤል አይጠየፍ አዳራሽ ያወሯት ነበር። አዳራሹ እንደ ስሙ ድሃ ሀብታም ሳይለይ ይገባበት እንደነበር አያቷ የነገራትን እሷም አወራችላቸው። ከመኪናው በታች ልጆቹ ዘይት ያፈሳሉ። ማንም አልተቻኮለም። ያን ቀን እዚያ ግቢ ውስጥ የሚያገለግሉት ሁሉ ራሳቸውን ቀና አድርገው የሚያገለግሉ መሆናቸውን አየሁ። ልጁ ሲጎነበስ ያየሁት ለአክብሮት ነው፤ ወዲያው ቀና ብሎ ደግሞ የጋሼን የቡሎን አጠባበቅ «ጋሼ፣ ያኛውን አልደገሙትም» ብሎ ሲያርማቸው ሰማሁት። እሳቸውም ተነሥተው ሄደው ደገሙት።

ጉድለቱንም ልናገር፣ ገንዘባችሁን ይዛችሁ ነው የምትሄዱት። ወረፋ አለ። ከጠዋቱ 2 ሰዓት ተኩል በኋላ ከደረሳችሁ እስከ ከሰዓት ልትቆዩ ትችላላችሁ፤ በቀን የሚቀበሉት ስድስት ሰባት መኪና ብቻ ነው። ቀጠሮ በስልክ አይዙም። አውቶማቲክ ካምቢዮ አይነኩም፤ «አላውቀውም» ብለው ወደሚያውቀው ይልኳችኋል። ለመጠበቂያ በርጩማ አራት ነው ያለው፣ ዝናብ ሲመጣም ቆርቆሮው በአንድ በኩል ያፈሳል። መጸዳጃው ለሴት አይመችም፤ ይህንን ለጋሼ በግልጽ ነግሬያቸዋለሁ፣ በሩን አስጠግነዋል፣ ውሃው ግን ገና ነው። አርብ ከ6 ሰዓት እስከ 8 ሰዓት ለጁምዓ ይዘጋል። እሑድ አይሠራም።

ዋጋው ግልጽ ነው። ዘይቱንና ፊልትሮውን ራሳችሁ ገዝታችሁ መምጣት ትችላላችሁ፣ ወይም ልጅ ይላክና የተገዛበትን ደረሰኝ ያመጣላችኋል። ለእኔ ኮሮላ 4 ሊትር ዘይት ነው የሚገባው፤ አምስት ግዙ የሚላችሁ ሰው ካለ አንዱን ሊትር ወዴት እንደሚያደርገው ጠይቁት። የእጅ ዋጋ ለዘይት፣ ለፊልትሮና ለፍሬን ፍተሻ ባለፈው ጊዜ 900 ብር ከፍያለሁ። ፍሬን ዘይት ለብቻው ነው። ሐረጎን የምትመላለሱ ሁሉ፣ ሌላውን ብትተዉት እንኳ እሱን በየሁለት ዓመቱ አስቀይሩ፤ ስትወርዱም በፍሬን ብቻ አትውረዱ፣ በማርሽ ያዙት። ይህንን ከእኔ ሳይሆን ከጋሼ ስሙት፤ እያንዳንዱን ደንበኛ በር ላይ ሲሸኙ የሚሉት ነው፦ «በሁለተኛ ማርሽ፣ ቀስ ብለሽ። አብሽሪ።»

ሥራው ሲያልቅ ከኮፋኖው ሥር ነጭ ፕላስተር ይለጥፉና የቀጣዩን ጊዜ ቁጥር በእስክሪብቶ ይጽፉበታል። የእኔው ላይ «ሰርቪስ 214,500» ይላል። ዛሬ ጠዋት ትምህርት ቤት በር ላይ ስቆም 213,870 ነበር።